የማሞቂያው መስመር

ዮሳዲቅ የሌላ ሰው ሥራ ሳይሰድብ መፍቻ አንስቶ አያውቅም። ጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ፒኬ 12 በሚባለው ሰፈር የሚቆሙት የኢትዮጵያ ሾፌሮች ስድቡ ከጥገናው ጋር በነፃ የሚመረቅ ነው እያሉ ይስቁበታል። በመኪና ኤሌክትሪክ ግን እጁ ወርቅ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክድም።

አንድ ጠዋት ጉታ የጭነት መኪናውን አቁሞ ሁለት አዲስ ባትሪ አወረደ። መኪናው እዚህ ጅቡቲ ሙቀት ውስጥ ቁልፍ ሲነካ ይነሳል። ደብረ ብርሃን ሲያድር ግን ጠዋት ያቃስትና ዝም ይላል።

«ዮሳ፣ ብርዱ ሳይገባ ወፍራም የባትሪ ገመድ ዘርጋልኝ። ካቻምናም አምናም ታኅሣሥን መኪና ስገፋ ነው ያሳለፍኩት። የመኪናው ባለንብረት በዚሁ ሰበብ ቸሩን አባረረው።»

«ቸሩ ደግሞ ማነው?»

«ደብረ ብርሃን ባለው ጋራዣችን ኤሌክትሪሻን የነበረው። ባትሪ ለወጠ፣ ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ለወጠ፣ አልሆነለትም። አበላሸኸው ተባለ። የልጆች አባት ነው።»

«ኤሌክትሪሻን እንኳ አትበለው! ዘንድሮ ፒንሳ የያዘ ሁሉ ባለሙያ ሆነ እኮ» አለ ዮሳዲቅ፤ ጉታም ከት ብሎ ሳቀ።

ባትሪዎቹን ገጠመ፤ ወፍራሙን ገመድ ዘረጋ። ከዚያ ዳሽቦርዱን ፈትቶ ሲፈትሽ፣ በብርድ ጊዜ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያሞቀው ዕቃ መስመር ተቆርጦ አገኘ። «ና ጉድህን እይ!» ሊል አፉን ሲከፍት ሰማያዊውን ክር አየ። የቴፕ ሙጫ በሙቀቱ ስለሚቀልጥ፣ ቴፑን ጠቅልሎ በላዩ ላይ በሰማያዊ ክር የሚያስር ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ራሱ።

ትዝ አለው። ከሦስት ዓመት በፊት በሐምሌ፣ ጉታ ጋቢናው ምድጃ ሆነብኝ ብሎ ማራገቢያ ሲያስገጥም፣ ኮረንቲውን ከዚህ መስመር ቆርጦ ነበር የወሰደለት። ማሞቂያ ለዚህ አገር ምን ይሠራል ብሎ ለብቻው ሳቀ እንጂ ለጉታ አልነገረውም። አሥራ አንድ ዓመት ጅቡቲ የኖረ ሰው፣ መኪናው ዳገት ወጥቶ ብርድ አገር እንደሚያድር ረሳው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ በሐፍረት ነደደ።

መስመሩን ወደ ቦታው መለሰ። ክሩን ቆርጦ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ እንደ ሌባ መሆኑንም አውቆታል።

«ምን አገኘህ?»

«የተቆረጠ መስመር።»

«ቸሩ ነዋ!»

ዮሳዲቅ አጎንብሶ መፍቻውን ይጠርግ ጀመር። ጉታ ዝምታውን እንደ አዎንታ ቆጥሮ ስልኩን አወጣ። «ሰውየው ዓመት ሙሉ ተጨንቋል፤ ቢያንስ ይወቀው» ብሎ ለቸሩ ደወለና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ብልሽቱ መገኘቱን ነገረው።

«ተገኘ? ተመስገን!» አለ ቸሩ። «እስቲ ያገኘውን ሰው አቅርብልኝ።»

ጉታ ስልኩን ለዮሳዲቅ ሰጠው።

«እጅህ ይባረክ ወንድሜ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ብቻ ንገረኝ። ሌላ ቦታ ስቀጠር እንዳልደግመው ነው።»

ጉታ ፈገግ ብሎ ስድቡን ይጠብቃል። ዮሳዲቅ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

«አልተሳሳትክም» አለ። «አንተ አልተሳሳትክም ቸሩ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት።»

የጉታ ፈገግታ ጠፋ።

«እኔ እኮ» አለ ቸሩ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ አምኜ ነበር።»