የተጠማ ሣጥን

በዚያ ዓመት ሰባት ወር ሙሉ ዝናብ አልጣለም። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ኋላም አንድ ቀን ብቻ ይመጣ ጀመር። በሮች ከመቃናቸው እየራቁ ነፋስ አስገቡ። የሰው ከንፈር ተሰነጠቀ፤ የጊታር ደረትም ተሰነጠቀ።

ሙጫው ግን ሥራ በዛለት። ሙጫው ጊታር ጠጋኝ ነው፤ ከጣቱ ኮላ ስለማይለቅ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። በሱቁ ጓዳ መደርደሪያ ላይ የደንበኞች ጊታሮች በየሣጥናቸው ተኝተዋል፤ ሰባት ናቸው። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ፣ ከጊታሩ አንገት አጠገብ፣ ክዳኑ የተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ አለ፤ በውስጡም እንጨቱ እንዳይደርቅ እርጥብ ስፖንጅ። ቅዳሜ ጠዋት ስፖንጆቹን ያርሳል፣ ጠብታ እስከማይወጣቸው ይጨምቃል፣ መልሶ ይዘጋል። ውሃ በጠፋ ቀን እንኳ ፊቱን ሳይታጠብ ይውላል እንጂ ስፖንጆቹን አይረሳም።

ስምንተኛው ጊታር ሣጥን ውስጥ አልነበረም። የታላቅ እህቱ ነው። በወጣትነቱ ለአንድ ሳምንት ብሎ ከእሷ ተዋሰው። ክሩን ሳያላላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስቀመጠው፤ ደረቱ ከመሃል ቀዳዳው እስከ ግርጌው ተተረተረ። ያን ጊዜ ጥገና አያውቅም፤ ሥራውንም የጀመረው በዚሁ ጦስ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ስንጥቅ በቀጭን የእንጨት ስንጣሪ ይሞላል፤ ለደንበኞቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እህቱ ግን በጄ አላለችም።

"ሌላ እንጨት ወትፈህ ብታመጣው አልቀበልህም። የሰጠሁህን ነው የምትመልስልኝ" ብላው ነበር።

ስለዚህ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ፣ ኮላ ከሚያሞቅበት ምድጃ አናት ላይ ሰቀለው። ቀና ባለ ቁጥር እንዲያየውና እንዲቆጨው ብሎ ነው።

በሰባተኛው ወር መግቢያ ላይ እህቱ መጣች። አልተቀመጠችም።

"ልጄ ጋ ልገባ ነው" አለች። "በወሩ መጨረሻ መኪና ይመጣል።"

"ሩቅ ነው እኮ፣ እትዬ።"

"ሩቅ ስለሆነ ነዋ የምነግርህ። ጣቶቼ እየደረቁ ነው፤ ሳይብስባቸው ልጫወትበት። ጊታሬን አምጣ።"

"እንደተሰነጠቀ?"

"ስንጥቁንማ አውቀዋለሁ። ድኖ ነው የምፈልገው። ካልሆነ እዚያው ግድግዳህ ላይ ይቅር፤ አንተም ሥሩ ተቀምጠህ ስትቆጭ ኑር።"

እንደወጣች ጊታሩን ሊያየው አወረደው። ምስማሩ ከነልስኑ ተነቅሎ እግሩ ሥር ወደቀ፤ ግድግዳውም ደርቋል። ሌላ ማስቀመጫ ስላጣ የጊታሩን የራሱን አሮጌ ሣጥን ከመደርደሪያው ሳበ፤ ለዓመታት ብርጭቆ ወረቀት ሲያጭቅበት የኖረ ነው። ወረቀቱን አራግፎ ጊታሩን አስተኛበት። ቅዳሜ ሲደርስ፣ ከልማድ የተነሳ፣ ለእሱም ስፖንጅ አስገባለት።

ሰኞ ሲከፍተው ስፖንጁ እንደ ከረመ ዳቦ ደርቋል። የሰባቱን ነካ፤ ርጥብ ናቸው።

ሣጥኑ ተበስቷል ብሎ ጠረጠረ። በጨለማው ጓዳ ባትሪ አብርቶ ውስጡ ከተተና ዘጋው። አንድም ቦታ ብርሃን አላፈሰሰም። ስፖንጁን ለወጠ። ረቡዕ እንደገና ደርቆ አገኘው። ነገሩ ከነከነውና ጎረቤቱን ሰዓት ሠሪውን ጠራ።

"አይጥ ነው" አለ ሰዓት ሠሪው።

"አይጥ ስፖንጅ ጨምቆ ይጠጣል?"

"በዚህ ድርቅ እኔም ብሰማ ኖሮ እጠጣው ነበር።"

እንዲያም ሆኖ ሰዓት ሠሪው ከሱቁ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አመጣ። በሰባቱ ሣጥኖች መርፌው ከመቶ ሃምሳ ግድም ቆመ። በስምንተኛው ከሠላሳ በታች ወረደ። ሙጫው ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ጊታሩን አውጥቶ ባዶውን ሣጥን እንደገና ካረሰው ስፖንጅ ጋር ዘጋው። ሦስት ቀን ቆይቶ ከፈተው። ስፖንጁ ርጥብ ነው፤ መርፌውም ሃምሳ ላይ ነው።

"ሣጥኑ አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "ጊታሩ ነው የሚጠጣው።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት የደረቀ እንጨት?"

"ሞቷል ብዬ ነበር።"

የሚያረጋግጥበት መንገድ ፈለገ። ከመጽሔት ወረቀት ቆራርጦ ስንጥቁ ውስጥ አስገባ፤ አምስት ተደራርቦ ገባ። ጊታሩን ወደ ሣጥኑ መለሰ፤ በግርጌው በኩል ሁለተኛ ስፖንጅ ጨመረለት፤ በሁለት ቀን አንዴ ያርሳቸው ጀመር። በሳምንቱ አራት ወረቀት እንኳ አልገባ አለ፤ ሦስት ብቻ ገባ። ከዚያ አንድ። ሙጫው ሲያስበው፣ ደንበኛ ሁሉ በማግስቱ ይድረስልኝ ስለሚል የተሰነጠቀ እንጨት አርሶ ስንጥቁ እስኪገጥም ጠብቆ አያውቅም። ስንጣሪ ወትፎ ነው የሚሰጠው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ወረቀትም አልገባም።

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ስንጥቁ የነበረበትን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ምድጃውን አየ፤ ከበላዩ ምስማሩ የተነቀለበትን ቀዳዳ አየ።

"እዚህ እሳት ላይ ነው ሰቅለህ ያኖርከው?"

"ልቆጭበት ብዬ ነው።"

"አንተ ተቆጨህ፤ እሱ ተጠበሰ።"

ሙጫው ቀጭን ኮላ በስንጥቁ መስመር አሳለፈ፣ በመያዣ አጥብቆ አሳደረው፣ ከውስጥ በኩል በጨርቅ ጥብጣብ ደገፈው። ሌላ እንጨት አላስነካውም። አዲስ ክር አሰረለት።

መኪናው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው እህቱ መጣች። ጊታሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ደረቱን በአውራ ጣት ጥፍሯ ቁልቁል ጫረች። ጥፍሯ የትም አልያዘም።

"የት ጋ ነበር?"

"እዚህ።" ጣቱን አሳረፈ።

"ምን ወተፍክበት?"

"ውሃ።"

ቀና ብላ አየችው።

"አትቀልድብኝ።"

"ተጠምቶ ነበር፣ እትዬ። ከውሃ ሌላ ኮላና ጨርቅ ነው። እንጨቱ ያንቺው ነው።"

በደረቁ ጣቶቿ ክሮቹን ቃኘች፤ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ተጫወተች። ሁለት ቦታ ሳተች፤ እንዳልሳተች ሆና ቀጠለች። ሙጫው የሥራ ጠረጴዛውን እንጂ እሷን አላየም። ስትጨርስ ሰዓት ሠሪው ከግድግዳው ማዶ አጨበጨበ።

"ሳምንት ነበር ያልከኝ" አለች።

"ትንሽ ቆየሁ። መልሷል በዪኝ።"

"መልሰሃል።"

ጊታሩን ሣጥኑ ውስጥ ስታስተኛ እጇ የሳሙና ማስቀመጫውን ነካ።

"ይኼስ? አውሰኸኝ ነው?"

"ያንቺ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አርሺው፣ ጨምቂው። እዚህ ቤት ከእንግዲህ ውሰት የለም።"