ማንንም የማይጠብቅ ባንድ

«አጥፋው! አሁኑኑ አጥፋው!» አለች ጊታር መቺዋ፣ የብረታ ብረት ቤቱን በር በእግሯ ገፍታ እየገባች። ጊታሯ እንደታዘለ ጀርባዋ ላይ ነው። ታዲያ ከድምፅ ማጉያው የሚያጓራው የማን ጊታር ነው? የራሷ!

በያጁ ክው አለ። ከመደናገጡ የተነሳ ድምፁን እቀንሳለሁ ብሎ ጨመረው፤ ከዚያ ገመዱን ነቀለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው ቀን ቀን በርና መስኮት ይበይዳል፤ ከሥራ በኋላ እዚያው ቤት ውስጥ ኢንዱስትሪያል ሜታል የሚባለውን፣ የፋብሪካ ጩኸት የመሰለ ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ አለው። ባንድ ከተባለ! ዘፋኙ አገባና ቀረ። ቤዝ መቺው ሌላ ከተማ ሥራ አገኘ። በእሱ ቦታ የመጣው ደግሞ «ጆሮዬን ገና እፈልገዋለሁ» ብሎ በሁለተኛው ልምምድ እግሬ አውጪኝ አለ። አንድ ሰው በሄደ ቁጥር ሁሉ ነገር እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። በያጁ ይህ ሲመረው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለና የእያንዳንዳቸውን ጨዋታ በስውር ይቀዳ ጀመር። የሚሄድ ይሂድ፣ ድምፁ ይቀራል። በብልጠቱም ኮርቶ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ነጎድጓድ የሚሉት ድራም መቺው ሳይሰናበት ሲጠፋ እንኳ ብዙ አልተጨነቀም፤ ምቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ዛሬ አመሻሽ ላይ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ አዳራሽ ውስጥ ሊጫወቱ ነው። ጊታር መቺዋ ስትዘገይበት ልቡ አላርፍ አለው። ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ በሩን አየ፤ በመጨረሻ የእሷንም ቅጂ ከፈተ።

«የምሠራበት ፋርማሲ ውስጥ ሰው በዝቶብኝ ዘገየሁ እንጂ አልሞትኩም እኮ!»

«ብትቀሪስ ብዬ ነው።»

«ሰው ሲቀር ይደወላል! ‹ምን ሆንሽ?› ይባላል!»

«ሁሉም እየተነሳ ሲሄድብኝ ምን ላድርግ? መለመን ሰለቸኝ።»

«ነጎድጓድ ለምን እንደቀረ ታውቃለህ?»

«የሚሠራበት ዳቦ ቤት ሥራ በዝቶበት ነዋ።»

«ኤዲያ! ለልምምድ ሲመጣ እዚህ በር ላይ ሆኖ የራሱን ድራም ሰማ። ‹ሳልመጣም የምጫወት ከሆነ ምን አለፋኝ?› ብሎኝ ተመለሰ። እኔ ነኝ አላምን ያልኩት።»

የብረታ ብረት ቤቱ ባለቤት፣ የበያጁ አጎት፣ ጥግ ላይ የብረት መቁረጫ ግራይንደሩን አጥፍቶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«ስማ የኔ ልጅ፣ እናንተ ስትጀምሩ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲያልቅላችሁ ስለት ይሳላል» አለ። «ቢሆንም ድሮ ስትጨቃጨቁ መስማት ደስ ይለኝ ነበር። አሁንማ የሚጣላህም አጣህ።»

በያጁ አፈረ። ብቻውን እንዳይቀር ሲፈራ ኖሮ፣ በገዛ እጁ ብቻውን ሊቀር እንደሆነ ገና አሁን ታየው። ስልኩን አወጣና ደወለ።

ነጎድጓድ ጥሪው ሊዘጋ ሲል አነሳው። ከኋላው የሊጥ ማቡኪያው ይጮሃል።

«ምን ልታዘዝ? እኔ እዚያው ኮምፒውተርህ ውስጥ አለሁ አይደል?»

«እሱማ አለ። እሱ ግን አይሰድበኝም። አንተ መጥተህ ብትሰድበኝ ይሻለኛል። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ።»

ነጎድጓድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተረኛ ነኝ፤ የሚተካኝ ሳይመጣ አልወጣም። እስክደርስ ተራችሁ ይጀምራል። በተቀዳው ጀምሩ፣ መሃል ላይ እደርስባችኋለሁ።»

ጊታር መቺዋ በያጁን ዐይን ዐይኑን ታየዋለች። አዳራሹ የሰጣቸው ከአንድ ታዋቂ ባንድ በፊት ያለውን፣ ሰው ጢም ብሎ የሚሞላበትን ተራ ነው። ይህን ተራ ለማግኘት ስንት ደጅ ጠንቷል! ከታዋቂዎቹ በኋላ መድረክ የሚወጣ ግን፣ ሰዉ ስለሚበተን፣ የሚጫወተው ለጠራጊዎቹ ነው።

«አንጀምርም» አለ በያጁ። «ሥራህን ጨርሰህ ና።»

ስልኩን ዘጋና ወደ አዳራሹ ኃላፊ ደውሎ የመጨረሻውን ተራ ጠየቀ።