ጆሮው የታጠፈ ሁሉ

«እሷን እለፊያት፤ እማ አታነብም» አለች ኢኽላስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሐጃ ሲታና ሣጥን ታቅፋ ምንጣፉ ላይ በተቀመጡት ሴቶች መካከል ትዞር ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ቁርኣኑ በሠላሳ ቀጫጭን ጥራዝ ተከፍሎ ተደርድሯል። ማንበብ የሚችል ሁሉ አንዳንድ ያነሳል፤ ሁሉም ሲጨርስ ምንዳው ለሟቹ እንዲደርስ ዱዓ ይደረጋል። በሱዳኗ ኦምዱርማን ለቅሶ እንዲህ ነው። ሐጃ ሲታና የሟቹ ሚስት ፊት ስትደርስ እጇን ሰብሰብ አድርጋ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ አንቺ ዱዓ ካደረግሽ ይበቃል» ብላ አለፈች።

በቱል የሐዘን ልብሷን፣ ነጭ ቶቧን፣ ተከናንባ ግድግዳ ተደግፋለች። ባሏ ኡስታዝ ባቢከር ከትናንት ወዲያ ከተቀበረ ጀምሮ እንባ አልወጣትም። ሴቶቹ ድንጋጤ ነው ይላሉ። ድንጋጤ አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ከግቢው ማዶ፣ ወንዶቹ ከተቀመጡበት ድንኳን፣ እያንዳንዱ ለቀስተኛ የፋቲሓ ዱዓ አድርሶ ገና ሳይቀመጥ «እንዲህ ያለ አንባቢ ከእንግዲህ አይገኝም!» ሲል ይሰማታል። እንዲህ ያለ አንባቢ! ማን አንባቢ እንዳደረገው የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ያደረገችው እሷ ነበረች። ልጆች ሳሉ ቤታቸው በአንድ ግንብ የሚዋሰን ነበር፤ ግንቡ መሐል ሴቶች ወደ ጎረቤት የሚሻገሩባት ጠባብ በር ነበረች። የበቱል አባት በአባይ መርከብ ላይ ጸሐፊ ስለነበሩ ከየወደቡ መጽሐፍ ያመጡላታል። ምሳዋን ረስታ ታነብና በዚያች በር ለአጎቷ ልጅ ለባቢከር ታቀብለዋለች። የደረሰችበትን ገጽ ጥጉን አጥፋ ምልክት ማድረግ ልማዷ ነበር። ባቢከር ይህን ሲያይ ያብዳል። መጽሐፉን እያወዛወዘ በሩ ድረስ ይመጣል።

«አንቺ ልጅ! መጽሐፍ ፍየል መሰለሽ? ጆሮውን ለምን አጣጠፍሽው?»

«ታዲያ ጆሮውን ሳልይዝ በየት ልያዘው?»

ተቆጥቶ ሲመጣ ማየቱን ወደደችው። ከዚያ ወዲያ ምልክት የማያስፈልገውን ገጽ ሁሉ ታጥፍ ጀመር። ሲጋቡ፣ ሌላዋ ሙሽራ ሽቶና ሰንደል በምትሞላው ሣጥን እሷ መጽሐፍ ሞልታ መጣች። አክስቶቿ «ይቺ ልጅ ባሏን ወረቀት አጭሳ ልታጥነው ነው» ብለው አሟት።

ከዚያ ኢኽላስ ተወለደች፤ ባቢከር ኡስታዝ ተባለ፤ እንግዳ በዛ። አንድ ዓርብ ወዳጆቹን ምሳ ጠርቶ፣ እሷ ምድጃው አጠገብ ስታነብ ወጡ አረረ። ባቢከር መጣና መጽሐፉን ከእጇ ነጠቀ፤ ለእንግዶቹ ከፍ አድርጎ እያሳየ «ምሳችሁን የበላው ይኸውላችሁ! ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፉ ለእኔ፣ ድስቱ ለእሷ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በቱል አልሳቀችም። «ከዛሬ ወዲያ ፊደል የሚያይ ዓይኔ ይጥፋ» ብላ ማለች። ይቅርታ እስኪጠይቃት ጠበቀች። እሱ መጽሐፎቹን ወደ ወንዶቹ ክፍል ወስዶ ደረደራቸው፤ ሻይ ስታመጣለት ቀና ሳይል «አስቀምጪው» ይላታል። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ እሷም ዋጠችው። ወረቀት በመጣ ቁጥር «ለአባትሽ ስጪው» ስትል ኖረች። ኢኽላስ አድጋ ሐኪም ስትሆን፣ እናቴ የጠዋቱን መድኃኒት ከማታው እንዳታምታታው ብላ ጠርሙሱ ላይ ቀይና አረንጓዴ ክር ታስርላት ነበር። ሁለቱም ክሮች ያቃጥሏት ነበር።

«አታነብም?» አለች በቱል ጮክ ብላ። ምንጣፉ ላይ የነበረው ማጉረምረም ቆመ። «ማነው ያለሽ?»

«እማ፣ እኔ እኮ...»

«ሐጃ ሲታና፣ ተመለሺ። ሣጥኑን ወዲህ አምጪው።»

በቃሏ የማታውቀውን ጥራዝ መርጣ አነሳች። መጀመሪያ ፊደሉ መሬት ላይ እንደፈሰሰ ማሽላ ተበታተነባት። ላብ አጠመቃት። አንዷ ከጥግ «ተዪው፣ ይቅርብሽ» አለቻት። ያኔ ንዴቷ ደረሰላት። አንዱን ቃል ያዘች፤ ቃሉ ሌላውን ጎተተ። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጠራ። ገጹን ስትገልጥ አውራ ጣቷ ማንም ሳያስታውሰው ሥራውን አወቀ። ያ የድሮው ርሃብ፣ ምሳ የሚያስረሳው፣ ሆዷ ውስጥ ሲነቃ ተሰማት።

ጨርሳ ስትዘጋ ኢኽላስ እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

«ይህን ሁሉ ዘመን ክር ሳስርልሽ! ለምን ዝም አልሽኝ፣ እማ?»

«አባትሽ እስኪነግርሽ እየጠበቅሁ ነበር» አለች በቱል። «እሱ ደግሞ ዝም እንዳለ ጥሎኝ ሄደ።»

በዚህ መሐል የሟቹ ወንድም ዐዋድ ደጃፉ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በቱል እህቴ፣ የመጽሐፍ ክፍሉን ቁልፍ ላኪልኝ። አንድ መጽሐፍ ነጋዴ ለለቅሶ መጥቷል። ጋሪ ይዟልና ያንን አቧራ ይገላግልሽ።»

«ለቅሶ በጋሪ ይመጣል እንዴ?»

«ሒሳቡ ለአንቺው ነው። ደግሞስ ምን ታደርጊባቸዋለሽ? ምስጥ ልታረቢባቸው ነው?»

በቱል በተቀመጠችበት ተስተካከለች።

«ስማኝ ዐዋድ። ቁልፉን እንካ፤ ሂድና አንድ በአንድ ግለጣቸው። ጆሮው የታጠፈ ሁሉ የእኔ ነው፤ ከአባቴ ቤት በሙሽርነት ሣጥኔ ያመጣሁት። በቀረው እንነጋገራለን። ከእኔ አንዱን ጋሪ ላይ ብትጭን ግን፣ ይህን ነጭ እንደለበስሁ ወጥቼ ድንኳኑ መሐል እቆማለሁ!»

ባሏ የሞተባት ሴት የሐዘን ወራቷ ሳይሞላ ወጥታ ወንዶች መሐል ከቆመች፣ የቤተሰቡ ስም እስከ ልጅ ልጅ የሰው መሳቂያ ይሆናል። ዐዋድ ጥምጣሙን አስተካክሎ ሄደ።

ከቆይታ በኋላ የተሞሉ ሣጥኖች አስይዞ ተመለሰ። ፊቱ ሌላ ሆኗል።

«ከግማሽ በላዩ የታጠፈ ነው» አለ። «ነጋዴው የተጨማደደ አልገዛም ብሎ ጋሪውን ነድቶ ሄደ። የገረመኝ ግን... ባቢከር የታጠፈ ገጽ ሲያይ ዓይኑን የወጉት ያህል ነበር የሚጮኸው። እኔን ስንቴ ሰድቦኛል! እነዚህን ግን አንዷንም አላቃናትም። እንዳጠፍሻቸው አሉ።»

«ታዲያ አፍ አልነበረውም?» አለች በቱል። «መጽሐፍ ስነጠቅ ያ ሁሉ ሰው ሰምቷል፤ ይህቺን ለብቻዬ መንገር አቃተው?»

ዐዋድ ሣጥኖቹን አጠገቧ አስወርዶ ወጣ።

ሴቶቹ ራት ሊያቀርቡ ሲነሱ ከላይ ያለውን መጽሐፍ አወጣች። የዚያ ዓርብ መጽሐፍ ነበር፤ ስትነጠቅ ደርሳበት የነበረው ገጽ የወጡን ቅባት እንደያዘ ነው። ከዚያው ጀመረች። ኢኽላስ ምግብ አምጥታ አጠገቧ አኖረች፤ ምግቡ ቀዘቀዘ።

በኋላ ቆም አለችና የገጹን ጥግ አጠፈች፤ በጥፍሯ አስረግጣ። ቀና ብላ ወደ በሩ አየች።

ማንም አልመጣም።

«ና ተቆጣኝ እንጂ» አለች፤ እንባዋ ያኔ ወረደ። ገለጠችና የሚቀጥለውንም አጠፈች።