የዓለምነህ ዓሦች ቁርስ

ለፎገራ ሕዝብ በሙሉ፤ ወረታ ለምትኖሩ፣ ይፋግ ገበያ ለምትውሉ፣ በሐሙሲት በኩል በአውቶቡስ ስታልፉ በመስኮት ሩዝ ለምታዩም ጭምር፦ ከዛሬ ኅዳር አሥራ አንድ ማለዳ ጀምሮ፣ ሌላ ቃል እስኪወጣ ድረስ፣ የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ የአቶ ዓለምነህ ዓሦች ቁርስ አይበሉም።

እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ሲነገር አገር በድንጋጤ ዝም ይላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። አገር ግን ሳቀ። ቀድሞ የሳቀው ጎረቤቱ ማረው ሲሆን፣ የተሸከመውን የሩዝ ነዶ ከትከሻው ጥሎ መልሶ ለማንሳት ብዙ ተቸግሯል።

ያሳቀው የቁርሱ መከልከል አልነበረም፤ የከልካዩ ማንነት እንጂ። ዓለምነህ በሬ በማስባት ከወረታ እስከ ይፋግ ስሙ የተጠራ ሰው ነው። እሱ ያሰባው በሬ ገበያ ሲገባ መጀመሪያ ሆዱ ይገባል፤ በሬው ቆይቶ ይከተላል። ሚስቱ እማዋይሽ ጠላ የምትጠምቀው ለጠጪው ይሁን ለአተላው ሲባል በትክክል አይታወቅም። አተላ፣ ፋጉሎ፣ ጨው፣ ድርቆሽ፤ የዓለምነህ ከብት አፉን የሚከፍተው ለማመንዠክ እንጂ ለመለመን ሆኖ አያውቅም። «አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ከብት በደጄ ካያችሁ፣ ያን ቀን ሙቻለሁና ኑና ቅበሩኝ» ይል ነበር።

ዓሣው የመጣው ከወረዳ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ዳር ያለችው ማሳው ክረምት ከወጣም በኋላ ውሃ ስለማይለቃት ሩዝ እንኳ ይበሰብስባታል። ወረዳው «ኩሬ አድርጋት» አለው፤ ቆፈረ። ዘመዶቹ ሊያስታርቁት መጡ፤ ከማን ጋር እንደተጣላ ባይታወቅም፣ ፎገራ ላይ የሩዝ መሬት ጉድጓድ የሚያደርግ ሰው ከአንድ ነገር ጋር መጣላቱ አይቀርም። ከዚያ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጫጩት በላስቲክ ከረጢት መጣለት። ከጫጩቶቹ ጋር ሠርካለም መጣች።

ሠርካለም የወረዳው የዓሣ ባለሙያ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስትማር፣ ዕድሜዋን በጀልባ ላይ የምታሳልፍ መስሏት ነበር፤ የምታሳልፈው በዋልካ ጭቃ ውስጥ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ነዳጅ ሲኖረው ጎማ የለውም፤ ጎማ ሲገኝለት ስብሰባ አለ። ስለዚህ ከወረታ በባጃጅ ትመጣለች፣ የቀረውን በእግሯ። ስትደርስ ሁልጊዜ እኩለ ቀን ነው፤ ሁልጊዜም ደክሟታል። መጀመሪያ ቀን ለዓለምነህ የነገረችው አጭር ነበር፤ የሩዝ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ፣ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ ቶሎ ልቅም አድርገው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ።

ዓለምነህ «ብቻ» ከምትለው በፊት ያለውን በደንብ ሰማ።

ገና ሳይነጋ መስጠት ጀመረ፤ በሬ ቁርሱ ማለዳ ነውና። ቀጥሎ አተላ ጨመረ። ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ ውሎ አድሮ የጎመን ቅቅል መሰለ፤ ሸተተ። ዓሦቹም ጎሕ ሲቀድ ወደ ላይ እየወጡ፣ አፋቸውን ከፍተው ይደረደሩ ጀመር። ዓለምነህ ደንግጦ ጨመረላቸው። እነሱ ይበልጥ ከፈቱ፤ እሱም ይበልጥ ጨመረ።

መንገዱ ደግሞ የቅዳሴ መንገድ ነው። በማለዳ ወደ ሚካኤል የሚገሰግስ ሰው የተከፈተ አፍ አይቶ እንዴት ይለፍ? አንዷ ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈታች፤ አንዱ ዳቦ ቆረሰ። በወር በወሩ የዝክር ትራፊ በአገልግል ይመጣ ጀመር። በፎገራ ሜዳ እንደ ዓለምነህ ዓሦች ምጽዋት የሚያገኝ ፍጥረት ጠፋ። ደጀ ሰላም የሚቀመጡት ነዳያን «እኛም የሚካኤልን ስም መጥራት ትተን አፋችንን ከፍተን እንቀመጥ መሰል» ማለታቸው ተሰምቷል።

ዓሦቹ ግን አላደጉም። ዓመት አልፏቸው ከመዳፍ አልበለጡም። ሠርካለም በመረብ አውጥታ መዘነቻቸው፤ ሚዛኑን ጠረጠረች፤ ራሷን ጠረጠረች፤ መልሳ ጣለቻቸው። ውሃውን አይታ «ምግቡን ይቀንሱ» አለችው። «እሺ» አላት። ዓለምነህ እሺ ማለት አይከብደውም። አለቃዋ ደወለ።

«ዕድገቱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ደህና በመቶኛ ስንት ነው?»

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን፣ ወደ ባሕር ዳር ለስብሰባ የሚሄደው የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሳይነጋ አስፋልቱ ዳር ጥሏት አለፈ። እንዲህ በማለዳ ኩሬው ጋ ስትደርስ የመጀመሪያዋ ነው። ጉሙ ከሩዙ ላይ አልተነሣም። ዓለምነህ የአተላ ባልዲ ይዞ አፋፉ ላይ ቆሟል፤ ኩሬው ከዳር እስከ ዳር አፍ ሆኗል።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«ቁርስ ነዋ። ምነው አንች፣ በዚህ ብርድ ምን አመጣሽ?»

«ባልዲውን ያስቀምጡት።»

«አፋቸውን አታይም እንዴ? ርቧቸዋል እኮ!»

«አልራባቸውም። ታፍነው ነው።»

«ማን አፈናቸው?»

ሠርካለም ነገር ለማለዘብ ጉልበት አልነበራትም። «እርስዎ» አለችው።

ባልዲውን አስቀመጠ። እሷም እርጥቡ አፈር ላይ ተቀምጣ ነገረችው። ዓሣም ይተነፍሳል፤ የሚተነፍሰው በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ነው። የተረፈው ምግብ ታች ወርዶ ሲበሰብስ ያንን አየር ይጨርስበታል፤ ሌሊት ደግሞ በውሃው ውስጥ የበቀለው አረንጓዴ ራሱ ይሻማዋል። ሲነጋ ለዓሣው የሚተርፈው የለም፤ አፉን ውሃው ጫፍ ላይ ደግኖ ይቆማል።

«ዳቦ አይደለም የሚለምኑት» አለች። «ትንፋሽ ያጠረው ምን ይበላል? ቢበላስ ምን ያድጋል?»

ዓለምነህ አፎቹን አየ። «ታዲያ ምን ይሁን?»

«ምግብ የሚባል ነገር ይቁም። ከቦዩ ንጹሕ ውሃ ይግባ፣ ይሄ ይውጣ። ሲጠራ በቀን አንዴ፣ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ እፍኝ እፍኝ።»

«ካልሆነስ?»

«አንድ ማለዳ ሁሉም በጀርባቸው ተንሳፍፈው ያገኟቸዋል። ከዚያ የሚቀርዎ ጉድጓዱ ነው።»

«መቼ?»

«ነገም ሊሆን ይችላል። የነገው ቀለብ ከገባማ ይሆናል።»

ነገ የኅዳር ሚካኤል ነው። የፎገራ ሰው ሁሉ በዚህ መንገድ ያልፋል፤ ዳቦ ይዞ።

ማረው ነዶውን ተሸክሞ የደረሰው ይሄኔ ነው። «ምን ሁናችሁ ነው እንደ ሐዘንተኛ?»

ዓለምነህ የዋህ ነው፤ አስረዳ። «ከዛሬ ጀምሮ ቁርስ የለም። አፋቸውን የሚከፍቱት አየር አጥሯቸው ነው አሉ።»

«ምን አጥሯቸው?»

«አየር።»

ነዶው የወደቀው እዚህ ላይ ነው። «በውሃ የሚኖር ፍጥረት አየር አጠረኝ አለ? አያ ዓለምነህ፣ ፋጉሎ አለቀብኝ በለን እንጅ! ሰው ይቸግረዋል። እናዋጣልሃለን!»

ረፋድ ላይ ወሬው ጠላ ቤት ገባ። አንዱ ዓሦቹ ሳል እንዳላቸው ጠየቀ። ሌላው «ጉና ይዘሃቸው ውጣ፣ ነፋሻ ነው» ብሎ መከረ። ዓለምነህ ለጠየቀው ሁሉ አስረዳ፤ ባስረዳ ቁጥር ሳቁ ጨመረ፤ ልክ እንደ አተላው። ቀትር ላይ ማስረዳቱን ትቶ አካፋውን አነሣ።

ከቦዩ እስከ ኩሬው ድረስ ፈሰስ ቆፈሩ፤ በሌላው ወገን መውጫ ከፈቱ። ሠርካለም ቦቲዋ በጭቃ ተውጦ ስለቀረ በባዶ እግሯ ሠራች። ስልኳ ደጋግሞ ጮኸ፤ የአለቃዋ የመቶኛ ጥያቄ ይሆናል ብላ አላነሣችውም። ከዚያ ዓለምነህ እሾህ ቆርጦ ኩሬውን ዙሪያውን አጠረ፤ በመንገዱ በኩል አንዲት መግቢያ ብቻ ተወ።

እማዋይሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታይ ቆየች።

«ነገ አገር ሲያልፍ፣ በደጃችን የተራበ አፍ በእሾህ ታጥሮ ሊያይ ነው?»

«አልራባቸውም አለች እኮ።»

«ለሷማ ምን አለባት? ባጃጅ ይዛ ትሄዳለች። እዚህ የምንቀር እኛ ነን።»

ሠርካለም ሰምታለች። ነገሩ እውነት ነው።

«ዓሦቹ ካለቁ» አለ ዓለምነህ፣ «እሱንም እዚሁ ቁጭ ብለን ነው የምናየው።»

እማዋይሽ አተላውን ተሸክማ ወደ በሬዎቹ ሄደች። ስትመለስ ለሠርካለም መኝታ አነጠፈችላት፤ ቅያሜዋን ግን አላነሣችም።

በበዓሉ ማለዳ ዓለምነህ በአጥሩ መግቢያ ላይ ተቀምጦ ተገኘ፤ ጋቢው ጤዛ ጠጥቷል፤ በትሩ ጉልበቱ ላይ ነው። ከኋላው ዓሦቹ እንደ ወትሯቸው ተደርድረዋል። ውሃው ገና ሙሉ ለሙሉ አልጠራም።

ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ይፈሳል። ልምድ ያላቸው ዳቧቸውን ቆርሰው ተዘጋጅተው ነው የመጡት።

«ዛሬ የለም» ይላል ዓለምነህ።

«ለነፍስ ነው እኮ!»

«ዛሬ የለም። እለፉ።»

ይታይሽ የሚባሉ አሮጊት ሙሉ ድፎ ተሸክመው ደረሱ። «ስለት ነው፣ ልጄ። ባለፈው ለዓሦችህ ቆርሼ የልጅ ልጄ ከወባ ተነሣልኝ። ዛሬ ሙሉውን አመጣሁ።»

ዓለምነህ ሠርካለምን አየ። ሠርካለም መሬት አየች። ስለት የሚቀበሉ ዓሦች ጉዳይ ትምህርቷ ውስጥ አልነበረም።

«እማማ፣ ለነዳያን ይስጡልኝ።»

«ለነሱማ አልተሳልኩም!»

መንገዱ ተዘጋ። የሚገፋ አለ፤ የሚያጉረመርም አለ። ማረው ከሁሉ ፊት ቆሟል። «ተዉት፣ አየር እያበላቸው ነው!» አለ። ሳቅ ሆነ። ከሳቁ ውስጥ ግን የአንዲት ሴት ድምፅ ያለ ሳቅ መጣ፤ «ምስኪን፤ ያ ሁሉ በሬ ያሰባ ሰው፣ እንዲህ ጨከነ?»

ዓለምነህ ይህቺን ሰማ። በትሩን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ፀሐይ ከሩዙ ክምር በላይ ብቅ አለች። ከፈሰሱ አፍ አጠገብ የነበሩት ዓሦች አፋቸውን ገጠሙና ወደ ታች ገቡ። ቀጥሎ አጠገባቸው ያሉት ገቡ። ሠርካለም አየች፤ አየር ደርሷቸዋል። ዓለምነህ ዞሮ አየ፤ ሊያሳያቸው ክንዱን ግማሽ ድረስ አነሣ።

«አያችሁ?» አለ ማረው ቀድሞ። «ተስፋ ቆርጠው ገቡ።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። የዓለምነህ ክንድ ተመልሶ በትሩ ላይ ወረደ።

ሕዝቡ ወዲያና ወዲህ ብሎ መንገድ ለቀቀ። በእርጅና ምክንያት ቅዳሴ የተዉት መምሬ ማርቆስ፣ ጥላቸውን ተደግፈው፣ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ነገሩን ይታይሽ ነገሯቸው፤ ማረው አረመላቸው። ኩሬውን አዩ፤ እሾሁን አዩ፤ ዓለምነህን አዩ።

«ዓለምነህ፣ ልጄ፤ ያንተ ደጅ እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። እውነት ነው ቀለብ የከለከልካቸው?»

«እውነት ነው፣ መምሬ።»

«ምን ሁነህ ነው?»

ሠርካለም አፏን ከፈተች። ዓለምነህ በእጁ ከለከላት። «ተይው፣ ልጄ። ደክሞሻል።»

«ምክንያት አያጣህም» አሉ መምሬ ማርቆስ። «ንገረንና ሰዉም ይረፍ፣ እኛም እንሂድ።»

ማረው ለሳቅ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዓለምነህ አየውና ተነሣ። መስቀሉን ተሳለመ። ከዚያ ተመልሶ መግቢያው ላይ ተቀመጠና በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«አልናገርም» አለ።