ነፋስ ያደረቀው ሥጋ

ልጄ ራንቫ ራሷ ያሳደገችው በግ በታረደ ሰሞን ሥጋ እርም አለች። በእኛ በፋሮ ደሴቶች ሥጋ የማይበላ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ታሟል፤ አባቴ ሃኑስ ደግሞ ነገሩን እንደ ስድብ ቆጠረው። ከቤታችን ጀርባ ካለው የሳንቃ ማድረቂያ ጎጆ ነፋስ ያደረቀውን የበግ ሥጋ እየቆረጠ አፍንጫዋ ሥር ያመጣል።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ ቅመሺ።»

«አባባ፣ ይሸታል።»

«ይሄው ሽታ አይደል እንዴ ያሳደገሽ?»

ራንቫ በመንደራችን የጀልባ ቀዘፋ ቡድን ካሉት ሴቶች ሁሉ ብርቱዋ ነበረች። በጋው ሲገባ ግን ደረጃ ወጥታ መጨረስ አቃታት። የብረት ኪኒን ገዛሁላት፣ ቫይታሚንም ጨመርኩበት። እኔን ደም ባነሰኝ ጊዜ ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ብረት ለእሷ ጠብ አላለላትም። አንድ ቀን ልምምድ ላይ መቅዘፊያዋን እንደጨበጠች ተዝለፍልፋ ወደቀች።

በዋና ከተማችን በቶርስሃቭን ሆስፒታል ያገኘነው ሐኪም የደም ውጤቷን ሲያይ ወዲያው ገባው።

«ልብ የሚሠራው ስብ እያቃጠለ ነው» አለኝ። «ስቡን ወደ ምድጃው የሚያስገባው ካርኒቲን የሚባል ነገር ነው። የራንቫ ሰውነት ይህን መያዝ አይችልም፣ በሽንት ያፈሰዋል። ከእናትም ከአባትም የወረሰችው ነው። ሥጋ ስትበላ የፈሰሰውን ትተካ ነበር።»

«ትተርፍልኛለች?»

«የካርኒቲን ዱቄት በውሃ እየበጠበጠች ዕድሜዋን ሙሉ ከጠጣች ተመልሳ ትቀዝፋለች። ካቋረጠች ልቧ ሊቆም ይችላል።»

ቤተሰቡም ይመርመር ተባለ። የአባዬ የካርኒቲን መጠን ከራንቫም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ወረቀቱን ትቶ አባዬን አየው።

«እስከ ሰማንያ ዓመት እንዴት ኖሩ?»

«እየበላሁ» አለ አባዬ።

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ግን ነገሩ ገባኝ። ማንም ያላዘዘው መድኃኒት ከቤታችን ጀርባ ተሰቅሎ የአንድን ሰው ልብ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያስመታ ኖሯል። በጎቹ ሣራቸውን ይግጣሉ፣ ነፋሱ በሳንቃው ክፍተት ይነፍሳል፣ አባዬ ይበላል። እኛ ግትርነት እንለው ነበር። እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል፣ ያስፈራኛልም።

«በወጣትነቱ የሞተ ዘመድ አላችሁ?» ሲል ሐኪሙ ጠየቀ።

አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ታናሽ ወንድሜ ኤልያሳር። ኮፐንሃገን ሊማር ሄዶ እንደተኛ ቀረ። ናፍቆት ገደለው ነው ያልነው።»

«እዚያ ምን ይበላ ነበር?»

«ገንፎና ዳቦ። ሥጋ አትላኩልኝ ብሎ ጽፎ ነበር። አከራይዋ ሽታውን አልቻለችም።»

«እርግጠኛ መሆን አይቻልም» አለ ሐኪሙ፤ ይህን ሲል ግን አባዬን ቀና ብሎ አላየውም።

በማግስቱ አባዬ ወጥ ቤት ገብቶ ዱቄቱን በሁለት ብርጭቆ በጠበጠ። ሥጋ ቅመሺ ማለቱንም ተወ። ራንቫ ጠጥታ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ የራሱን ብርጭቆ አነሳና አሸተተው፤ ደግሞ አሸተተው።

«ይሄ እኮ ምንም አይሸትም፤ አከራይዋም ትችለው ነበር» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።