ሥዕሉ የዋጠው ምልክት

ሰፈሩ «ሪስታርት» ይለኛል። ኮምፒዩተሬ ተበላሸ ብሎ የሚደውልልኝን ሰው ሁሉ፣ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ «መጀመሪያ ሪስታርት አድርገውታል?» ስለምለው ነው። ከአሥሩ በሰባቱ ይሠራል። ትዕግሥት እንደሌለኝ ደግሞ ከሚስቴ ጀምሮ የማያውቅ የለም። ልብስ ሰፊዋን ግን እንደዚያ ብዬ መሸኘት አልነበረብኝም።

እሳቸው ከኮምፒዩተር ጥገና ሱቄ ጀርባ ባለው ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰፉ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም የስፌት መኪናቸውን ሸጡት። አንድ ልጅ አላቸው። ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም፤ አሁን ሌላ አገር አናጺ ነው፤ ከመጣ አራት ዓመት አልፎታል። እናትና ልጅ የሚያወሩት እሱ ዳዴ በሚልበት ጊዜ እቤት ውስጥ በፈጠሩት የእጅ ምልክት ነው፤ ከሁለቱ በቀር የሚያውቀው የለም። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ጎረቤት መልእክቱን ያንብብልዎት ሲባሉ «ልጄን በሰው አፍ አልሰማም» ይላሉ። የስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ ጣቶቹ አይታዩዋቸውም። ስለዚህ ልጁ ትልቅ ሞኒተር ያለው ዴስክቶፕ ገዛላቸው፤ እሑድ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞኒተሩ ፊት ቁጭ ብለው በእጃቸው ያወራሉ።

ከምነግራችሁ እሑድ አሥራ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ኮምፒዩተሩ ቫይረስ ገብቶበት ያለበትን ሁሉ አጥፍቼ ፎርማት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ነበር። ሥዕሉን ለሚያወጣው ግራፊክስ ካርድም ኢንተርኔቱን ለሚያገናኘው ኔትወርክ ካርድም የየራሳቸውን ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ፈልጌ መጫን ሲገባኝ፣ ፍላሼ ላይ ያለውን፣ «ለሁሉም ይሆናል» የምለውን ጫንኩበት። ሥዕል መጣ፣ ኢንተርኔት ሠራ፣ እኔም ወጣሁ። በማግስቱ ከልጃቸው ጋር ካወሩ በኋላ ደወሉ። «ሥዕሉ ቆም ይልና ይዘላል» አሉኝ። «ኔትወርክ ነው እማማ፣ ሪስታርት ያድርጉት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በሳምንቱ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ጠፋ። ነገ እመጣለሁ፣ ነገ እመጣለሁ እያልኩ ስድስት ቀን አመላለስኳቸው። በመጨረሻ እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ ሱቄ ድረስ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። «ልጄ የፊታችን ቅዳሜ ይመጣል። የሚደርስበትን ሰዓት ልጠይቀው ነው፣ በናትህ» አሉኝ። ሌላ ማመካኛ ስላጣሁ ቦርሳዬን አንስቼ ተከተልኳቸው።

ቤቱ አዲስ ቀለም ይሸታል። ወደ ኮምፒዩተሩ ከመሄዴ በፊት እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ግድግዳው ተቀብቷል፣ አዲስ ፍራሽ ከነላስቲኩ አልጋ ላይ ተጋድሟል፣ መደርደሪያው ባዶ ተደርጓል።

«የቀለሙ መስመር ቀጥ ብሏል? እይልኝ እስቲ። አናጺ ነው፤ ጠማማ ነገር ካየ ይስቅብኛል።»

«ቀጥ ብሏል» አልኳቸው። ደስታቸው ያጋባል፤ እኔ እንኳን ኩርፊያዬን ረሳሁ።

ኮምፒዩተሩን ከፍቼ የዕቃዎቹን ዝርዝር አየሁ። ኔትወርክ ካርዱ አጠገብ ቢጫ ምልክት ተለጥፏል። ከኋላ ኬብሉ የሚሰካበት ቦታ ያለችው መብራትም ጠፍታለች።

«ሞቷል እንዴ?» አሉ፤ ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«ዕቃው ደህና ነው እማማ። የጎደለው ድራይቨሩ ነው።»

«ድራይቨር ሹፌር ማለት አይደል? ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ የከባድ መኪና ድራይቨር ነበር።»

«ይኸኛውም ያው ነው። መኪናው አለ፣ የሚነዳው የለም።»

«ባለፈው ያስቀመጥክበትስ?»

«እሱ መንገዱን የማያውቅ ነበር።»

«እያወቅክ ነው የቀጠርከው?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

የኔትወርክ ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ የኔትወርክ ድራይቨር። ይኸ ነገር ስንቱን ባለሙያ ነኝ ባይ ቁጭ አድርጎታል። ስልኬን በኬብል ሰካሁና የስልኬን ኢንተርኔት ለኮምፒዩተሩ አዋስኩት። የካርዱን መለያ ቁጥር አየሁ፤ በዚያ ቁጥር ፈልጌ ትክክለኛውን አወረድኩ፤ ጫንኩት። መብራቷ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረች።

«በል ተወው፣ ይበቃል» አሉ ወንበር እየሳቡ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቃላቸውን ከአፋቸው ቀበል አድርጌ እወጣ ነበር። ግን ሥዕሉ ይዘላል ያሉትን ሳላይ መውጣት አልፈለግኩም። ካሜራውን ከፍቼ ራሳቸውን ስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። «እጅዎን ያንቀሳቅሱ እስቲ። የፈለጉትን ይበሉ።»

ክንዳቸውን ዘረጉና መዳፋቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «ይቺ መምጣት ናት» አሉኝ። «እኔም ልምጣ፣ እሱም ይምጣ፣ ያቺው ናት። ማን ወደ ማን የሚለው ከወሬው ይታወቃል።»

«አልመጣም ለማለትስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ነገር ሽቼ አልነበረም፤ ለሙከራ ረዘም ያለ እንቅስቃሴ ፈልጌ ነው።

ያንኑ አደረጉና፣ ደረታቸው ላይ ያለውን መዳፍ ከጠረጴዛ ላይ ፍርፋሪ እንደሚጠርግ ሰው ወደ ውጭ ጠረጉት። ወንበሩ ላይ ሲያደርጉት በዓይኔ አየሁ። ስክሪኑ ላይ ግን መዳፋቸው ደረታቸው ጋ ደረሰ፣ እዚያው ቆመ፣ ከዚያ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተገኘ። መጥረጉ የለም። «ይድገሙልኝ» አልኩ። ደገሙት። አሁንም የለም።

እኛ በአፋችን «አልመጣም» ስንል «አል» የምትለው አስቀድማ ትመጣለች፤ ሰውየው ነገሩን ሳይጨርስ ልባችን ይዘጋጃል። በእነሱ እጅ ግን እምቢታው መጨረሻ ላይ ነው።

«ባለፈው እመጣለሁ ሲልዎት እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«እንዲህ መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ይኸ ጣጠኛ ሥዕል ቆመ። ሲመለስ እጁ ጭኑ ላይ ነበር።»

ምናልባት እመጣለሁ ብሎም ይሆናል፣ አልኩ ለራሴ። ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፈትኩና የጓዳውን አዲስ ቀለም አስታውሼ ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ፤ ይኸንን ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። ሥዕሉን ሳልነካው ልተወው የሚል ሐሳብም መጥቶብኝ ነበር። ግን ቅዳሜ በሩ ላይ ቆመው መንገድ ሲያዩ ታዩኝ። አጎንብሼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

የጫንኩት የግራፊክስ ድራይቨር ለአዳዲስ ካርዶች የተሠራ ነው፤ የእሳቸው ካርድ ደግሞ አሮጌ ነው። የተሳሳተውን ከነሥሩ ነቅዬ አወጣሁት። ፊደሎቹ ሁሉ አብጠው ስክሪኑን ሞሉት። የካርዱን ዘመን የሚያውቀውን የድሮውን ድራይቨር አወረድኩና ጫንኩ፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

«አጠፋኸው!»

«ሹፌር እየቀየረ ነው እማማ። ትንሽ ይታገሱት።» ትዕግሥት ስመክር ሚስቴ አለመስማቷ በጀኝ።

ተመልሶ ሲመጣ ሥዕሉ እንደ መስኮት ጥርት ብሎ ነበር። እጃቸውን አንቀሳቀሱ፤ መሳቡም መጥረጉም አንድ ሳይቀር ታየ። «የእጄ የደም ሥር ሳይቀር!» ብለው ተደነቁ። ልሄድ ስነሳ እጄን ያዙኝና «ልጄን ሳላሳይህማ አትሄድም» አሉ።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጃቸው ፊት ብቅ አለ። እሳቸው ወደፊት ተንጠራሩ። «ወይኔ፣ ጺሙ ሸብቷል! እስከ ዛሬ አላየሁትም።» ከዚያ እጆቻቸው መሮጥ ጀመሩ። ሲጨርሱ የእጅ አንጓቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፤ ስንት ሰዓት ማለታቸው ነው።

ልጁ ግንባሩን ቋጠረ። ክንዱን ዘረጋ፣ መዳፉን ወደ ደረቱ ሳበ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው ጠረገው።

እሳቸው ድገመው አሉት። ደገመው፤ ሌላም ብዙ ነገር በእጁ አወራ። ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ ነገሩኝ። «አልመጣም ይላል። አሠሪዎቹ ፈቃድ ከልክለውታል። ያን ጊዜም ነግሬሻለሁ ይላል።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። አሁን እንኳ ሳስበው ጆሮዬን ያቃጥለኛል። «የማይሆነውን የጫንኩበት እኔ ነኝ። ሥዕሉ ይዘላል ሲሉኝ ሳላይ ነው ኔትወርክ ነው ያልኩዎት። ያን ዕለት መጥቼ ቢሆን ኖሮ ይኸ ሁሉ አይደርስብዎትም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

«ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግሬአለሁ» አሉ። ቢሰድቡኝ በቀለለኝ ነበር። ስክሪኑ ላይ ልጃቸው እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። እሳቸው ጺሙን ያያሉ።

«ስማ» አሉኝ። «አራት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ልጠይቀው ፈልጌ ፈርቻለሁ። የሚኖርባት ክፍል ጠባብ ናት። ዓይኗ የደከመ እናት ይዞ በሰው አገር ማን ይንከራተታል? እምቢ ቢለኝ ደግሞ ምን ይውጠኛል? ዛሬ ግን እጠይቀዋለሁ። አንተ እዚሁ ቁም፤ ይኸ ነገር እንዳይዘልብኝ።»

አጠገባቸው ቆምኩ። ጣታቸውን ወደ ራሳቸው ቀሰሩ፣ ከዚያ ወደ ስክሪኑ፤ ክንዳቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ሳቡ። ቅንድባቸውን ወደ ላይ አነሱት፤ ጥያቄ መሆኑ ለኔም ገባኝ።

ልጁ ጠረጴዛውን አየ፣ እናቱን አየ። ከዚያ ክንዱን ወደ እኛ ዘረጋና መዳፉን ስቦ ደረቱ ላይ አደረገው።

እሳቸው ጠበቁ። መጥረጉን ነበር የሚጠብቁት፤ እኔም አብሬ ጠበቅኩ። መዳፉ ደረቱ ላይ ነው። ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ፣ ክንዴን ጨበጡኝ።

«ቆመ እንዴ?»

ወደ ሞኒተሩ ጠጋ አልኩ። ልጁ ዓይኑን ያርገበግባል፤ ደረቱ ከእጁ ሥር ከፍ ዝቅ ይላል።

«አልቆመም እማማ» አልኳቸው። «ጨርሷል።»