የቁልፍ ያዧ ልጅ

ቨርና ስህተቱን ያስተዋለችው ጭብጨባው ካበቃ፣ እሷም ፈገግ ብላ ራሷን ከነቀነቀች በኋላ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ልጇን አዴልን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት በእጩነት ሲያቀርቡ «የመምህርት ልጅ» አሏት። ቨርና ግን መምህርት ሆና አታውቅም። ኦሃዮ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ወለል ስትወለውልና በር ስትቆልፍ ነው የኖረችው።

ቤቷ እንደተመለሰች ለጎረቤቷ ለግሌንዳ፣ «አለቀልን» አለቻት። «ውሸታሞች ሊሉን ነው። በዚችው ሰበብ ወንበሩን ይነፍጓታል።»

«አንቺ ደግሞ! ፀሐይ ስትወጣም ልታቃጥለን ነው ትያለሽ።»

ቨርና ግን በከንቱ አልፈራችም። ፕሬዚዳንት አራት፣ ቢበዛ ስምንት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል፤ ያስቀመጠው ዳኛ ግን ዕድሜ ልኩን ይፈርዳል። ለዚህም ነው ተቃዋሚዎቹ የእጩን እያንዳንዷን ቃል በወንፊት የሚነፉት።

ሹመቱን የሚያጸድቀው ሴኔት አዴልን በጠየቀበት ቀን ቨርናና ግሌንዳ ከጀርባዋ ተቀመጡ። ከምሳ በኋላ የተፈራው መጣ። ከተቃዋሚው ወገን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ሴኔተር መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ፕሬዚዳንቱ እናትዎ መምህርት ነበሩ ብለውናል። ትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ ይላል። ማንን እንመን?»

ቨርና ቦርሳዋን ጨምድዳ ያዘች። «አላልኩሽም?»

ግሌንዳ በክርኗ ጎሸመቻት። «ዝም በይና ልጅሽን ስሚ!»

«ትምህርት ቤቱን ይመኑ» አለች አዴል። «እናቴ ወለል ጠርጋ፣ በር ቆልፋ ነው ያሳደገችኝ። ለእናንተ በሞላሁት ቅጽ ላይም የጻፍኩት ይህንኑ ነው። ለፕሬዚዳንቱም በዚያው ዕለት መሳሳታቸውን ነግሬያቸዋለሁ።»

«በእጩነት ላቀረቡዎት ሰው?»

«አዎ። በእናቴ ሥራ ተሳስተዋል ማለት ካቃተኝ፣ በሕግ ሲሳሳቱ እንዴት ልነግራቸው ነው?»

ሽማግሌው ወረቀታቸውን ገለጡ። ቨርና በመወልወል ብዛት የጎበጠ ጀርባዋ ቀና ሲል ተሰማት።

በሳምንቱ ድምፅ ተሰጠ፤ ሃምሳ አንድ ለአርባ ዘጠኝ ሹመቷ ጸደቀ። ሽማግሌው ተቃወሟት። ቨርና «ይሁን፣ እሳቸውም ወገን አላቸው» ብላ አለፈችው።

አዴል ሥራ በጀመረች በወሩ፣ አንድ ምሽት ደወለች።

«እማ፣ ዘጠኛችን ዳኞች ስንመክር ሌላ ሰው አይገባም። በር ከተንኳኳ ተነሥታ የምትከፍተው አዲሷ ዳኛ ናት። ዛሬ ሁለቴ ተነሣሁ። አንዴ አንዱ ዳኛ የረሱትን መነጽር ሰው አምጥቶላቸው ነው!»

«እና የዕድሜ ልክ ሹመት ሰጥተው በረኛ አደረጉሽ?»

«የዘር ነው፣ ምን ላድርግ!»

ቨርና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወዲያው ግን ሥጋት ያዛት። «ስትዘጊው እጀታውን ሳብ አድርገሽ ሞክሪ። ሰው ጆሮውን ለጥፎ ቢሰማችሁስ?»

«ሞክሬዋለሁ፣ እማ።»

ቨርና ስልኩን ዘጋች። ማታ ማታ አራቴ እየተመለሰች የምትፈትሸውን የቤቷን በር አንድ ጊዜ ብቻ ቆለፈችው።